ስኮች ወይስ አይሪሽ? ዕድሜ ጠገብ ውስኪ አመራረጥ

ሁለት ጠርሙስ ፊታችሁ ተቀምጧል እንበል። አንዱ ላጋቩሊን 16፣ ሌላው ቡሽሚልስ 16። ሁለቱም ከብቅል ገብስ ብቻ የተሠሩ ናቸው። ሁለቱም ቢያንስ 16 ዓመት በርሜል ውስጥ ተኝተዋል። ላጋቩሊን የሚሠራበት የስኮትላንዱ የአይላ ደሴትና ቡሽሚልስ የሚሠራበት የሰሜን አየርላንዱ የአንትሪም ዳርቻ ቀኑ ጠራ ሲል ይተያያሉ። ስትቀምሷቸው ግን ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው። አንዱ ጭስና ባሕር፣ ሌላው ማርና ዘቢብ።

ብዙዎቻችን ግን ውስኪ ስንገዛ መጀመሪያ የምናየው ቁጥሩን ነው። 12 ጥሩ ነው፣ 18 ይበልጣል፣ 21 ከሆነማ ምን ይጠየቃል! እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። ቁጥሩ የሚነግረን ነገር አለ፤ ጣዕሙን ግን አይነግረንም። ጣዕሙን የሚያሳውቁን ገብሱ፣ ስንት ጊዜ እንደተነጠረ፣ በርሜሉ ቀድሞ ምን ይዞ እንደነበርና የአልኮል መጠኑ ናቸው። ስኮችና አይሪሽ የሚለያዩትም እዚያ ላይ ነው።

ቁጥሩ የሚለውና የማይለው

በሁለቱም አገር ሕጉ ቢያንስ ሦስት ዓመት በርሜል ውስጥ ያልተኛ መጠጥ ውስኪ ተብሎ እንዲሸጥ አይፈቅድም። የአልኮል መጠኑም ከ40 በመቶ መውረድ የለበትም። ስኮትላንድ በርሜሉ የግድ ኦክ እንዲሆን ትጠይቃለች። አየርላንድ ሌላ እንጨትም ትፈቅዳለች።

ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ዕድሜ ውስጡ ካለው ሁሉ የትንሹ ዕድሜ ነው። በየሠርጉ የምናውቀው ብላክ ሌብል 12 ሲል፣ ከተቀላቀሉት ውስኪዎች መካከል ከ12 ዓመት በታች የሆነ ጠብታ የለም ማለት ነው። ከዚያ የበለጠ የቆየ ግን ሊኖርበት ይችላል። በዋጋ እሱን በብዙ እጥፍ የሚያስከነዳው ብሉ ሌብል ደግሞ ጭራሽ ዕድሜ አልተጻፈበትም። ተራው ጄምሰንም እንደዚያው።

ሌላው፣ ውስኪ የሚያረጀው በርሜል ውስጥ ብቻ ነው። ጠርሙስ ከገባ በቃ፣ ዕድሜው ቆመ። ቡፌ ውስጥ 20 ዓመት የተቀመጠ የ12 ዓመት ውስኪ ዛሬም የ12 ዓመት ውስኪ ነው። ስለዚህ «ይቆይ፣ ይበልጥ ይጥማል» ብላችሁ ያስቀመጣችሁት ካለ ክፈቱት።

በርሜል ውስጥ ግን ብዙ ነገር ይሆናል። በየዓመቱ ሁለት በመቶ ገደማ በእንጨቱ አልፎ ይተናል። የሙያው ሰዎች «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል። በዚህ ስሌት ከ20 ዓመት በኋላ የበርሜሉ ሲሶ የለም። የቆየ ውስኪ ከሚወደድባቸው ምክንያቶች አንዱ ይሄ ነው። በቀረው ውስጥ ጥሬው የአልኮል ሽታ ይለዝባል፤ ከእንጨቱ ቫኒላ፣ ቅመምና የደረቀ ፍራፍሬ የሚመስል ጣዕም ይገባል። ይህም ልክ አለው። ከመጠን በላይ ሲቆይ እንጨቱ ያሸንፋል፤ መጠጡ ይመርራል፣ ምላስ ያደርቃል።

ጭስ የምትወዱ ደግሞ ይህችን ያዙ፤ ጭስ ከዓመት ዓመት እየደከመ ይሄዳል። ላፍሮይግ 10 ከዚያው ቤት ከወጣው ከ25 ዓመቱ ይልቅ አፍንጫ ይይዛል። ጭስ ፍለጋ የ25 ዓመት ዋጋ መክፈል ብዙ ከፍሎ ትንሽ ማግኘት ነው።

አየርላንድ፦ ጥሬው ገብስ

የአይሪሽ ውስኪ ትልቁ ሀብት በእኔ እምነት «ሲንግል ፖት ስቲል» የሚባለው ዓይነት ነው። ታሪኩ ከግብር ይጀምራል። በ1785 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ብቅል ላይ ግብር ተጣለ። የአየርላንድ ጠማቂዎችም ወጪ ለመቀነስ ከብቅሉ ጋር ያልበቀለ ጥሬ ገብስ መቀላቀል ያዙ። ግብሩ ቀረ፤ ጣዕሙ ግን ተወዶ ቀጠለ። ዛሬ በደንቡ መሠረት ሲንግል ፖት ስቲል ለመባል ቢያንስ 30 በመቶ ብቅልና ቢያንስ 30 በመቶ ጥሬ ገብስ ያስፈልጋል።

ያ ጥሬ ገብስ ምን ያመጣል? አፍ ላይ የሚሰማ ውፍረት ያመጣል። ሬድብረስት 12 ስትጎነጩ መጀመሪያ የምትገነዘቡት ቅባት ያለው፣ ምላስን የሚያለብስ መሆኑን ነው። ቀጥሎ ቅርንፉድና ቁንዶ በርበሬ የመሰለ ሙቀት ከምላስ ዳርና ዳር ይነሳል። ከዚያ ቀድሞ ሼሪ የተባለውን የስፔን ወይን ከያዘው በርሜል የመጣው ዘቢብና ለውዝ ይከተላል። ይህን አካል ስኮትላንድ ውስጥ በቀላሉ አታገኙትም።

ሁለተኛው ነገር ማንጠሩ ነው። አብዛኛው የስኮትላንድ ብቅል ውስኪ ዳግም ነው፤ ሁለት ጊዜ ይነጠራል። አየርላንድ ውስጥ ግን ሦስት ጊዜ ማንጠር የተለመደ ነው። ሦስተኛው ዙር ከባድ ከባዱን ስለሚያስቀር መጠጡ ይቀላል፣ ይለሰልሳል። ሁሉም ግን ይህን አይከተልም። በግላስጎ አቅራቢያ ያለው ኦከንቶሽን ስኮች ሆኖ ሦስት ጊዜ ይነጥራል። ኮኔማራ ደግሞ አይሪሽ ሆኖ ጭስ አለው። ስለዚህ «አይሪሽ ለስላሳ፣ ስኮች ጭሳም» የሚለው አባባል መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም።

ከ20 ዓመት በላይ የሆነ አይሪሽ ለምን እንደ ስኮች በየመደርደሪያው እንደማይገኝም ማወቅ ይጠቅማል። አይኒያስ ኮፊ የሚባል የአየርላንድ ሰው በ1830 ሳያቋርጥ የሚነጥር ማሽን የባለቤትነት መብት አወጣ። የደብሊን ትልልቅ ቤቶች ናቁት፤ ስኮቶች ተቀበሉት። በእሱ ከበቆሎና ከመሳሰለው ርካሽ «የእህል ውስኪ» አምርተው ከብቅል ጋር እየቀላቀሉ ዓለምን አዳረሱ። አየርላንድ ላይ ደግሞ ከእንግሊዝ ለመላቀቅ የተደረገው ጦርነት፣ የንግድ አምባጓሮና የአሜሪካ የመጠጥ ክልከላ ተደራረቡ። በ1966 የቀሩት ሦስት ትልልቅ ድርጅቶች ተዋሃዱ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ መላው ደሴት ላይ የሚሠሩት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ በኮርክ የሚገኘው ሚድልተንና ሰሜን ያለው ቡሽሚልስ። ያን ጊዜ ጥቂት በርሜል ስለተሞላ ዛሬ በጣም የቆየ አይሪሽ ጥቂት ነው። አሁን በደርዘን የሚቆጠሩ አዳዲስ ፋብሪካዎች ተከፍተዋል፤ በርሜሎቻቸው ግን ገና ልጆች ናቸው።

ስኮትላንድ፦ ቦታው

ስኮትላንድ ከ140 በላይ የሚሠሩ ፋብሪካዎች አሏት። በሕግ የታወቁት ክልሎች አምስት ናቸው፤ ሃይላንድ፣ ሎውላንድ፣ ስፔይሳይድ፣ አይላና ካምቤልታውን። ስፔይሳይድ በብዛት ፍራፍሬና ማር ይላል። ግሌንሊቬት፣ ግሌንፊዲክ፣ ማካላንና ግሌንፋርክላስ ከዚያ ናቸው። አይላ የጭስ አገር ነው። ካምቤልታውን ላይ ስፕሪንግባንክ አለ፤ ጨው፣ ጭስና ቅባት አንድ ላይ የሚገኙበት፣ የሚወዱት ሰዎች ተሰልፈው የሚገዙት ነው።

ጭሱ የሚመጣው ፒት ከሚባል ነገር ነው። ረግረግ መሬት ላይ በሺዎች ዓመታት የተከማቸ፣ በደንብ ያልበሰበሰ ዕፅዋት ነው። ተቆርጦ ይደርቅና ብቅሉን ለማድረቅ ይነዳል። ጭሱ ገብሱ ላይ ይቀራል፣ ተነጥሮም አይጠፋም። በወይራ የታጠነ ጋን ጠላ የሚወድ ሰው ይህን ጠባይ ለመልመድ ብዙ አይቸገርም። ግን የአይላ ፒት ጠረኑ ከወይራ ይለያል። ባሕር ዳር ያለ የእሳት ፍም፣ አዮዲን፣ አንዳንዴም የሐኪም ቤት ፋሻ ይሸታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ላፍሮይግ የቀመሰ ሰው ፊቱን ቢያጨፈግግ አትገረሙ።

ስኮች ከአይሪሽ የሚበልጥበት አንዱ ነገር ይህ ስፋቱ ነው። ከቀላሉ እስከ ከባዱ፣ ከጭስ አልባው እስከ ጭስ በጭሱ ሁሉም አለ። ዕድሜ ጠገብ ውስኪ ሲሆን ደግሞ ምርጫው ይሰፋል፤ 18፣ 21፣ 25 የተባሉት ከብዙ ቤቶች ይወጣሉ።

በርሜሉ

ሁለቱም አገሮች አብዛኛውን ጊዜ አዲስ በርሜል አይጠቀሙም። የአሜሪካ ሕግ የአገሩ ውስኪ የሆነው ቦርቦን አዲስ፣ ውስጡ በእሳት የተጠበሰ የኦክ ዕቃ ውስጥ እንዲቆይ ያዛል። አንዴ የተጠቀሙበትን በርሜል ለቦርቦን ስለማይደግሙት ወደ ስኮትላንድና አየርላንድ ይሸጣል። 200 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ቫኒላ፣ ኮኮናትና ማር ይሰጣል። ሁለተኛው የሼሪ በርሜል ነው፤ 500 ሊትር የሚይዘው ትልቁ የታወቀ ነው። ሼሪ የስፔኗ የኼሬዝ ወይን ነው። የሼሪ በርሜል ዘቢብ፣ ቴምር፣ ዋልነትና ጥቁር ቸኮሌት የመሰለ ነገር ያወርሳል።

ጠርሙሱ ጀርባ ላይ «ኦሎሮሶ» (አንድ የሼሪ ዓይነት ነው) ወይም «ሼሪ ኦክ» የሚል ካለ ይህን ጠብቁ። በርሜሉ ጣዕሙን ከአገሩ በላይ ሊወስነው ይችላል። በሼሪ የቆየ ግሌንፋርክላስ 15 ከሬድብረስት 15 ጋር የሚቀራረበው፣ ጭሳም ከሆነው የአገሩ ልጅ ከላጋቩሊን ጋር ከሚቀራረበው ይበልጣል።

ቀለሙን ግን አትመኑት። ስኮትላንድም አየርላንድም ካራሜል ቀለም መጨመር ትፈቅዳለች። ጠቆር ያለው የግድ የቆየ አይደለም። ከቀለም ይልቅ የአልኮል መጠኑን እዩ። ከ46 በመቶ በታች የሆነ ውስኪ በረዶ ሲነካው ስለሚደፈርስ፣ ብዙ ጊዜ እንዳይደፈርስ ቀዝቅዞ ይጣራል። በዚህ ማጣሪያ ከሚወጣው ጋር ቅባቱም የተወሰነ ይሄዳል። 46 የተጻፈበትን ሳይ እኔ ቅድሚያ እሰጠዋለሁ።

ሁለቱን 16ዎች ጎን ለጎን መቅመስ

ልዩነቱን ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ሁለት ጓደኛ ሆናችሁ አንድ አንድ ጠርሙስ ብትገዙ ይበቃል። ወይም እየለካ የሚሸጥ ባር ሄዳችሁ ከየዓይነቱ አንድ አንድ መለኪያ ጠይቁ።

ከመቅመሳችሁ በፊት አዋዜ አትንኩ። ቡናም ትንሽ ይቆይ። ብርጭቆው ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ያለ ይሁን፤ ሽታውን ይሰበስባል። ግሌንኬርን የሚባለው ለዚሁ የተሠራ ነው። ከሌለ ትንሽ የወይን ብርጭቆ ይሠራል። ሰፊው የውስኪ ብርጭቆ ለበረዶ ጥሩ ነው፤ ለማሽተት ግን አይሆንም። ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሊትር ቅዱ። በረዶና አምቦ ውሃ ለዚህ ቀን ይቅሩ። ቅዝቃዜ ሽታውን ይዘጋዋል፣ ጋዙም ምላስ ይወጋል።

በቡሽሚልስ ጀምሩ። ጭሱ ከቀደመ አፍንጫ ይዘጋና የሁለተኛው ነገር አይታወቅም። ብርጭቆውን ወደ አፍንጫ ስታስጠጉ አፋችሁን ገርበብ አድርጉት፤ የአልኮሉ ንዴት ይቀንሳል። ቡሽሚልስ 16 በቦርቦንና በሼሪ በርሜል ከ15 ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ ለጥቂት ወራት የፖርት ወይን በርሜል ውስጥ ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ ማርና ለውዝ፣ ቆየት ሲል ቀይ ፍራፍሬ ይሸታል። ጥቂት ተጎንጩና ሳትውጡ አፋችሁ ውስጥ አዙሩት። ቀላል ነው፤ ይንሸራተታል። 40 በመቶ ስለሆነ ውሃ አይፈልግም፣ ቢጨመርበት ይቀጥናል። ከዋጣችሁ በኋላ ጣፋጭነቱ ቶሎ ይለቃል። የምወቅሰው በዚህ ብቻ ነው።

አሁን ላጋቩሊን። ከሩቅ ይመጣል። የፍም ጭስ፣ የደረቀ የባሕር አረም፣ ብዙ የፈላ ጥቁር ሻይ። አትቸኩሉ፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ስትጠብቁት ከጭሱ ሥር ጣፋጭ ነገር ብቅ ይላል፣ የቴምር ዓይነት። አፍ ላይ ጨውና ቅባት አለው። 43 በመቶ ነው፤ ጥቂት ጠብታ ለብ ያለ ውሃ ይችላል። በ2017 በስዊድን የሊኔዩስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ሞዴል እንዳሳዩት፣ ጓያኮል የተባለው የጭስ ጣዕም ሞለኪውል አልኮሉ በውሃ ሲቀንስ ወደ መጠጡ ላይ ይወጣል። ከላይ ሲሆን አፍንጫ ያገኘዋል። ጠብታውን ጨምራችሁ እንደገና አሽትቱ።

ሲያልቅ ሁለቱን ብርጭቆዎች ሳታጥቡ አሳድሯቸው። ጠዋት የቡሽሚልሱ ስስ የማርና የእንጨት ሽታ ይዟል። የላጋቩሊኑ ግን ማታ እሳት የነደደበት ክፍል ይሸታል።

ታዲያ የትኛውን?

ለመጀመሪያ ጊዜ ዕድሜ የተጻፈበት ጥሩ ጠርሙስ የምትገዙ ከሆነ ሬድብረስት 12 ግዙ። ግሌንሊቬት 12 እና ግሌንፊዲክ 12 ንጹሕና ጨዋ ናቸው፣ ዋጋቸውም ብዙ ቦታ ይቀንሳል። ግን በ12 ዓመት እንደ ሬድብረስት የጠገበ አካል አይሰጧችሁም።

15 ላይ ትግሉ ከባድ ነው። ግሌንፋርክላስ 15 እና ሬድብረስት 15 ሁለቱም 46 በመቶ ናቸው። ዘቢብና ጥቁር ቸኮሌት የምትወዱ ግሌንፋርክላስን፣ ቅመምና ቅባት የምትወዱ ሬድብረስትን ውሰዱ። ከ1865 ጀምሮ በአንድ ቤተሰብ እጅ ያለው ግሌንፋርክላስ ለሚሰጠው ነገር ዋጋው ምክንያታዊ ነው።

18 ላይ ወደ ስኮትላንድ አደላለሁ። ከኦርክኒ ደሴቶች የሚመጣው ሃይላንድ ፓርክ 18 ማርና ለስላሳ ጭስ አመጣጥኖ ይዟል። ጄምሰን 18 ጥሩ ነው፣ ግን የእህል ውስኪ ስላለበት ቀለል ይላል። ለዚያ ዋጋ እኔ የበለጠ ክብደት እጠብቃለሁ።

21 ላይ ደግሞ ወደ አየርላንድ እመለሳለሁ። ሬድብረስት 21 እንጨቱ ሳያሸንፈው፣ ጥሬው ገብስ ቅመሙን ሳይጥል የቆየ ነው፤ ከበሰለ የቆላ ፍራፍሬ እስከ ቅርንፉድ በአንድ ጉንጭ ታገኙበታላችሁ። በማዴራ ወይን በርሜል የሚጠናቀቀው ቡሽሚልስ 21 ይበልጥ ረቂቅ ነው፤ ጭስም ቅመምም ለማይወድ ሰው ይስማማል። እንዲህ ያለውን ግን ከመግዛታችሁ በፊት የዚያኑ ቤት ትንሹን ቅመሱ። ሬድብረስት 12 ያልጣመው ሰው 21ዱ አይቀይረውም።

ለስጦታ ከሆነ የሰውየውን ልማድ አስቡ። ለአማታችሁ ወይም ለአባታችሁ ጓደኛ ጭስ በጭስ የሆነውን የአይላውን አርድቤግ ይዞ መሄድ ድፍረት ነው። ብላክ ሌብል የሚወድ ሰው ግን ሳያውቀው ትንሽ ጭስ ለምዷል፤ ታሊስከር 10 ወይም ሃይላንድ ፓርክ ቢሰጠው ደስ ይለዋል። ጄምሰን የሚጠጣ ከሆነ ደግሞ ሬድብረስት። ከዱቲ ፍሪ ስትገዙ የአልኮል መጠኑን አንብቡ፤ አንዳንዱ ስም በተለያየ ገበያ በተለያየ መጠን ይሸጣል። ላፍሮይግ 10 አንዱ ጋ 40፣ ሌላው ጋ 43 ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ከተከፈተ በኋላ ጠርሙሱን አቁማችሁ፣ ፀሐይ ከማያገኘው ቦታ አስቀምጡ። እንደ ወይን አታስተኙት፤ ጠንካራው አልኮል ቡሹን ይበላዋል። ግማሹ እስኪጎድል ድረስ ብዙ አይለወጥም። ሲሶው ብቻ ከቀረ ግን ውስጡ የገባው አየር ጣዕሙን ያደክመዋል፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ጨርሱት፣ ወይም ወደ ትንሽ ንጹሕ ጠርሙስ ገልብጡትና ጥብቅ አድርጋችሁ ክደኑት።